በግራ እጄ ነው የምበላው

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ወጣን። አምስት ነን፤ በያይነቱ በአንድ ትልቅ ትሪ አዘዝን። አስተናጋጁ እጅ ሊያስታጥበን ሲመጣ የዘረጋሁት ግራ እጄን ብቻ ነበር። እጄን አየ፣ ትሪውን አየ፣ ከዚያ ለእኔ ሳይሆን በግራዬ ለተቀመጠችው ልጅ «ለእሷ ለብቻዋ በሳህን ላድርግላት?» አላት።

እኔ እኮ እዚያው ነኝ።

ቀኝ ክንዴ ስወለድ ነው የተጎዳው። በምጥ ጊዜ የሕፃኑ ትከሻ ሲያዝ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙዎቹ ልጆች ይድናሉ፤ እኔ ካልዳኑት ነኝ። ስለዚህ የምጽፈውም፣ ስልክ የምነካካውም፣ የምበላውም በግራ ነው። በግራ መጻፌ ማንንም አስጨንቆ አያውቅም። ትሪ ሲቀርብ ግን ሁሉም ዓይኑን የሚያሳርፍበት ይጠፋዋል።

ግራ እጅ ለምን እንደማይወደድ አውቃለሁ። ሁላችንም «በቀኝህ ብላ፣ በቀኝሽ ብዪ» እየተባልን ነው ያደግነው። በቀኝ መብላትን አጥብቆ የሚያዘው እስልምና እንኳን ቀኙን መጠቀም ለማይችል ሰው ይፈቅዳል። ከልካዩ ይሉኝታ ነው፤ የእነሱም፣ የእኔም። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ «በልቻለሁ» ያልኩበት ቀን ቁጥር የለውም። ካፌ ገብቼ በአንድ እጄ ትሪ ከያዝኩ ውሃውን ማን ይይዝልኛል? ሽሮ በሆነበት ቀን ደግሞ ሰልፉ መሐል ትሪው ሲያዘነብል አስቡት። ዳቦ በሻይ ይሻለኛል እያልኩ ስንቱን ቀን አሳለፍኩ።

በአንድ እጅ መብላት ከባድ ይመስላችኋል እንጂ ብዙ አይከብድም። የተዘረጋ እንጀራ ወጡ ስለሚጫነው በቀላሉ ይቆረሳል። የሚያስቸግረኝ ጥቅሉ ነው፤ ጫፉን ስስበው ሙሉው ተከትሎኝ ይመጣል። የዶሮ ወጥ እንቁላል ያመልጠኛል። ቁርጥ ቤት ከሄድን ሥጋውን አድቅቀው እንዲያመጡልኝ አስቀድሜ እናገራለሁ። ፍርፍር ወዳጄ ነው።

ጉርሻም እወዳለሁ፣ እንዳትቀሩብኝ። ግን የፍቅር ጉርሻና የ«አይዞሽ» ጉርሻ በመጠን እንኳ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ትልቅ ነው። ሳላላምጠው ሌላው ይደርሳል። አፌ ስለሞላ «በቃኝ» ማለት እንኳ አልችልም። ማጉረስ ያማራችሁ ለሌላውም እንደምታጎርሱት አጉርሱኝ፣ ከዚያ ተዉኝ፣ እኔም ላጉርሳችሁ። በግራዬ።

የእኔ ቀላሉ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ጓደኛ አለኝ፤ ባህላዊ ምግብ ቤት አንሄድም። እኛ ዱካ ላይ ቁጭ ስንል መሶቡ ከጉልበቱ በታች ይቀራል፣ እሱ ጎንበስ ብሎ አይደርስበትም። ምግብ ቤት ከመሄዳችን በፊት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አይጠጣም። ሽንት ቤቱ ወይ ደረጃ ወጥቶ ነው፣ ወይ በሩ ዊልቸር አያስገባም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ መግቢያውም መጸዳጃውም ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች አመቺ እንዲሆን በአንቀጽ 36 አዝዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱትን ምግብ ቤቶች ደረጃ እናንተው ቁጠሩት። ባለቤቶቹን ብትጠይቁ «እንደዚህ ዓይነት ደንበኛ የለንም» ይላሉ። በየት በኩል ይምጣ ታዲያ?

ወደ ምሳችን ልመለስ። ልጅቷ ለአስተናጋጁ መልስ ሳትሰጥ ወደ እኔ ዞረች። መለስኩለት፤ «ሳህኑ ይቅር፣ ይልቅ ይቺን ጥቅል ዘርጋልኝ።» ደንገጥ አለ፣ ግን ዘረጋልኝ። እሷም የእሷ ቀኝና የእኔ ግራ ክርን እየተጋጨ ሲያስቸግረን ተነስታ በቀኜ በኩል መጥታ ተቀመጠች።

ጎመኑ ቀድሞ አለቀ።