የሰው ወርቅ አያደምቅ

የኮምፒውተር አፍቃሪዎቻችን ሳይጽፉ የተስማሙበት ሃይማኖት አላቸው። ሦስት አንቀጽ አለው። አንደኛ፣ አዲስ ማሽን ሁልጊዜ ከአሮጌው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ሶፍትዌር በየወሩ እየከፈሉ የሚከራዩት እንጂ ገዝተው የሚያስቀምጡት ዕቃ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዘፈን ቤት ውስጥ ማከማቸት ኋላ ቀርነት ነው፤ ሁሉም ‹‹ደመና ላይ›› አለ፣ ሲያሰኝህ ትጠራዋለህ፣ ይመጣል። እኔ ሦስቱንም እቃወማለሁ። ካሴት ናፍቆኝ አይደለም። ጉዳዩ የባለቤትነት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና እስቲ ከሥሩ እንነሳ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቅድሚያ ሐቁን ልናገር። እነዚህን ልጆች አደንቃቸዋለሁ። የተበላሸ ላፕቶፕ ፈታተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ ከሞተው ማሽን ዲስኩን አውጥተው ለሌላው ሲገጥሙለት ሳይ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። የእህቴ ልጅ አንዱ ነው። ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ራም ሲያወራ፣ የቅኔ መምህር ሰሙን ከወርቁ ሲለይ የምሰማ ይመስለኛል። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ዓይኑ የሚያበራ ተማሪ ባገኝ ምንኛ በወደድኩ! ምን አለፋችሁ፣ እውቀቱ ሞልቷል። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው። ‹‹ስንት ጊጋ ነው?›› ይላል፤ ‹‹ምን ያህል ይፈጥናል?›› ይላል፤ ‹‹የማን ነው?›› ግን አይልም።

ከማሽኑ እንጀምር። ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ኮምፒውተር በብዙ መቶ እጥፍ ፈጥኗል። ታዲያ አንድ ገጽ ደብዳቤ መጻፍ በብዙ መቶ እጥፍ ቀለለ ወይ? ኧረ የት! ይኼን ነገር ቀድሞ ያየው ፓስካል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የፈጠረው ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ነው። ቪርት በ1995 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሃርድዌሩ ከሚፈጥነው ይልቅ ሶፍትዌሩ በባሰ ፍጥነት እየተንቀራፈፈ ነው ሲል አማረረ። በእኛ አገር ልማድ ልተርጉመው ካልኩ እንዲህ ነው፦ ገበሬው በሬውን ባጠነከረ ቁጥር ቀንበር ጠራቢው ቀንበሩን ያከብደዋል። መጨረሻ ላይ የታረሰው መሬት ያው ነው። የተለወጠው ገበሬው ለበሬ ያወጣው ገንዘብ ብቻ ነው።

የቅርቡን ምሳሌ ውሰዱ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ያደርግ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ2018 ገደማ በፊት የተሠሩትን አብዛኞቹን ማሽኖች በይፋ አልቀበልም ይላል። እነዚያ ማሽኖች አልታመሙም። ይጽፋሉ፣ ያሰላሉ፣ ያዘፍናሉ። በቁማቸው ሳሉ ግን የሞት ወረቀት ተጻፈላቸው። ይኼ በየሁለት ዓመቱ ላፕቶፕ ለሚለውጥ የቺካጎ ነዋሪ ምናልባት ትንሽ ብስጭት ይሆናል። ያገለገለ ላፕቶፕ በስንት ልመናና በስንት ዕቁብ ገዝቶ ልጁን ለሚያስተምር የአዲስ አበባ አባት ግን ኪሳራ ነው። በእርግጥ ከአፍቃሪዎቹ መካከል ከ1991 ጀምሮ ያለውንና በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስን በአሮጌ ማሽን ላይ ጭነው ነፍስ የሚዘሩበት አሉ። እነሱን እጅ እነሳለሁ። የምከራከረው ‹‹አዲሱን ግዛና ተገላገል›› ከሚለው ጋር ነው።

ወደ ሶፍትዌሩ ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ድሮ ፕሮግራም በዲስክ ተሸጦ እጅህ ይገባ ነበር፤ የገዛኸው ኮምፒውተር እስካለ ድረስ ይሠራል። በ2013 አዶቤ የተባለው ድርጅት የፎቶና የኅትመት ፕሮግራሞቹን አዳዲስ ዝርያ በኪራይ ብቻ አደርጋለሁ አለ፤ ሌሎችም ተከተሉ። አሁን ክፍያ ያቋረጠ ሰው የገዛ ሥራውን በሠራበት መሣሪያ መክፈት ያቅተዋል። አናጺው ኪራይ ስላልከፈለ፣ የሠራው ወንበር ላይ አትቀመጥም እንደማለት ነው።

‹‹ገዛሁት›› የሚባለውም ቢሆን ያጠራጥራል። በሐምሌ 2009 አማዞን፣ ደንበኞች ከፍለው ኪንድላቸው ላይ ያስቀመጧቸውን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከርቀት ሆኖ አጠፋባቸው። ሻጩ መጻሕፍቱን የመሸጥ መብት ስላልነበረው ነው ተባለ፤ ገንዘቡም ተመለሰ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። ከጠፉት መጻሕፍት አንዱ ‹‹1984›› ነበር፤ መንግሥት የትናንትን ጽሑፍ እያጠፋ የሚጽፍበት ልብ ወለድ! ደራሲው ራሱ እንዲህ ያለ ምጸት አይደፍርም። እኔን የገረመኝ ግን ስህተቱ አይደለም። መጽሐፍ ሻጭ ሌሊት ቤትህ ገብቶ ከመደርደሪያህ መጽሐፍ የሚያወጣበት ቁልፍ መያዙ ነው። መርካቶ መጽሐፍ የሸጠልን አዟሪ እንዲህ ቢያደርግ ‹‹ሌባ!›› ብለን ሰፈር አንጠራም ነበር?

የካሊፎርኒያ ግዛት ይኼ ገብቶታል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሕጉ መሠረት፣ ዲጂታል ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የሚሰጠው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ሳይናገር ‹‹ግዛ›› የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። ቋንቋ ላይ ለኖረ ሰው ይኼ ሕግ ያስደስታል። ኪራይን ኪራይ ማለት የእውነት መጀመሪያ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለዚህ ትምህርት ፈረንጅ አያሻንም ነበር። የፊደላችን ታሪክ ይበቃን ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ሠሪ ‹‹ሀ››ን በመሰለው ቁጥር ያስቀምጣት ነበር። በአንዱ የተጻፈ ጽሑፍ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የሰበካ ጉባኤና የቀበሌ መዝገብ፣ ስንት ያልታተመ ልብ ወለድ በዚያ መንገድ ተተየበ! ፋይሉ አለ። ፍሎፒውም ሲዲውም አለ። የሚያነበው ጠፋ። ያን ጊዜ የተጣላነው ከማሽኑ ፍጥነት ጋር አልነበረም፤ ቁልፉ በአንድ ነጋዴ እጅ መሆኑ ነው ያስቀረን።

አሁን ልቤ ወደሚገኝበት ወደ ዘፈኑ ልሂድ። ሲዲ በ1982 ገበያ ላይ ሲወጣ ድምፅን በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ በቁጥር ያስቀምጥ ነበር። ኤምፒ3 የሚል ስሙን በ1995 ያገኘው ብልሃት ደግሞ፣ በጀርመኑ ፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ብዙ የደከሙበት ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ከበሮው ሲጎላ ከሥሩ ያለችውን ቀጭን ድምፅ ጆሮ አይሰማትም፤ እንግዲያው ትውጣ። በብዛት ይሠራበት በነበረው በ128 ኪሎቢት ልክ ሲታመቅ፣ ከሲዲው አሥራ አንድ እጅ አንዱ ብቻ ይተርፋል። በዚህ አላለቅስም። አዲስ አበባ የተቀረጸ ዘፈን በደቂቃ ውስጥ ቤይሩት ለምትሠራ እህታችን የደረሰው በዚህ ዓይነቱ ብልሃት ነው።

አፍቃሪው ግን ሌላው ጫፍ ላይ ቆሟል። በሰከንድ 192,000 ጊዜ የተለካ ድምፅ ካልሆነ አልሰማም ይላል። የሰው ጆሮ ጣሪያው 20,000 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የሲዲው ልክ ደግሞ እስከ 22,050 ይይዛል። ሃምሳን የተሻገረ እንደ እኔ ያለ ጆሮማ ጣሪያው ከዚያም ዝቅ ብሏል። ቀጥሎ በወርቅ የተለበጠ ዲጂታል ሽቦ ይገዛል። ዲጂታል ሽቦ ቁጥሩን ያደርሳል ወይም አያደርስም፤ ማር አይቀባውም። ለድምፁ ጥራት እንዲህ የሚጨነቅ ሰው፣ ዘፈኑ ነገ ይኑር አይኑር ግን ቅንጣት አያስጨንቀውም። ‹‹ስትሪሚንግ ላይ አለ›› ይላችኋል።

አለ ወይ? ማይስፔስ የተባለው ድርጅት በ2019 ባመነው መሠረት፣ በ12 ዓመታት ውስጥ ሙዚቀኞች የጫኑት ዘፈን ዕቃ ሲዛወር ጠፋ። ከ50 ሚሊዮን በላይ ዘፈን ነው ተብሎ ተገመተ። ደመናው ተበተነ፤ ዝናብም አልጣለ። በእኛም አገር በ2017 በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በ2020 ሰኔ መጨረሻም ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ቀን ደመና ላይ ያስቀመጠ ሰው ሰማይ ሰማይ ያያል።

ከዚህ ጋር የራሳችንን ታሪክ አነጻጽሩት። አምሃ እሸቴ በ1969 የሸክላ አሳታሚነቱን ሲጀምር፣ የሸክላ ኅትመት መብት በአዋጅ የአገር ፍቅር ቴአትር ነበር። ወጣቱ ደፈረና አሳተመ፤ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ አምሃም ከአገር ወጣ። ሸክላዎቹ ግን በየቤቱ ቀሩ፤ ከመደርደሪያ ወደ ሣጥን፣ ከሣጥን ወደ ካሴት ተገለበጡ። በ1997 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‹‹ኢትዮፒክስ›› የተሰኘውን ተከታታይ ሲዲ ማውጣት ሲጀምር የሚያሳትመው ነገር አገኘ። የሙላቱ አስታጥቄ ዜማ በ2005 በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ተሰማ። አሁን እጠይቃለሁ፦ ያ ሁሉ ዘፈን በ1969 በአንድ ድርጅት ሰርቨር ላይ ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ፣ አምሃ በስደት ሲኖር ወርኃዊ ክፍያውን ማን ይከፍልለት ነበር?

የእህቴ ልጅ ይኼን ስለው መልስ አላጣም። ‹‹ጋሼ፣ ሸክላ ይሰበራል፣ ካሴት ይሻግታል፣ ሃርድ ዲስክም ይሞታል። እርስዎ ቤት ካለው ሣጥን ይልቅ ደመናው አይሻልም?›› አለኝ። ጥሩ ክርክር ነው። ዕቃ ሁሉ ይሞታል። ግን እኮ ዲጂታል ያመጣልን አንድ ታላቅ በረከት ይኼው ነው፦ ግልባጩ ከዋናው አንድ ፀጉር አያንስም። ካሴት ከካሴት ሲቀዳ ሹክሹክታው ይጨምር ነበር፤ ፋይል ግን ሺህ ጊዜ ቢገለበጥ ያው ነው። ሊቃውንቱ በብርዕና በብራና ይመኙት የነበረውን እኛ አገኘን። የኪራዩ ሥርዓት የሚነጥቀን ደግሞ በትክክል ይኼንን ነው፤ አትገልብጥ፣ አታውስ፣ አታውርስ ይለናል። የምቃወመው ዲጂታሉን ሳይሆን ዲጂታሉ ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ነው።

ዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት የተጻፉ መሆናቸው ታውቋል። ሃርድዌራቸው የፍየል ቆዳ ነው፤ ሶፍትዌራቸው ፊደሉ ነው። ዛሬም ይከፈታሉ፤ ዛሬም ይነበባሉ። ከፊደሉ በቀር የይለፍ ቃል አልጠየቁም። የተቀሩት ቅዱሳት መጻሕፍት የደረሱንም በየደብሩ ስለተገለበጡ ነው።

ገልብጡ ስል ስረቁ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 በ2004 የወጣው በከንቱ አይደለም። ‹‹ዘፈን እንጭናለን›› የሚል ማስታወቂያ የለጠፈው ሱቅ ሁሉ በድምፃዊው ጉሮሮ ላይ ቆሞ ነበር። ለሙያተኛው ክፈሉ። ከከፈላችሁ በኋላ ግን ያንተ ነው ተብሎ ይሰጣችሁ፤ ይኼ ብዙ ነው?

እንግዲህ የሚሠራውን ሥራ ልዘርዝር። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የጻፋችሁ ሁሉ፣ የሚከፍተው ማሽን በሕይወት ሳለ ጽሑፋችሁን ወደ ዩኒኮድ አዙሩ። ዘፈን የምታከማቹ፣ ከ2001 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ፣ ምንም ድምፅ የማይጥል ፍላክ የሚባል ማስቀመጫ አለላችሁ፤ ሁለት ግልባጭ አድርጋችሁ በሁለት ቤት አኑሩ። ድምፃውያን ሆይ፣ ሥራችሁን ዩቲዩብ ላይ ብቻ ጥላችሁ አትተኙ፤ ዋናው ቅጂ በእጃችሁ ይሁን፤ አንዱንም ወመዘክር አስገቡ፣ ወመዘክርም ተቀብሎ ይጠብቅ። የኮምፒውተር አፍቃሪዎች ደግሞ ይኼን ሁሉ ከእኔ ይልቅ ታውቁበታላችሁ። ያን እጃችሁን፣ ከሞተ ማሽን ዲስክ የሚያወጣውን፣ ለአገሩ ድምፅና ጽሑፍ አውሱት።

ፍጥነትማ ይመጣል፣ ይሄዳልም፤ የዛሬው ፈጣን የነገ ቀርፋፋ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለዋል አባቶች። በኪራይ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ ጉትቻ ያምራል፤ ኪራዩ ያለቀ ዕለት ግን ባለቤቱ መጥቶ ይፈታዋል።