የራስን ደም መልሶ መግዛት

አዲስ አበባ ውስጥ ፒአርፒ፣ ማለትም ከራስ ደም የሚዘጋጅ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋ ሕዋስ) የበዛበት ፕላዝማ፣ ለሚረግፍ ፀጉርና ለፊት ቆዳ እየታዘዘ ከርሟል። ቅርብ ዘመዱ ፒአርኤፍ ደግሞ በዓለም የጥርስ ሕክምና ስሙ እየገነነ ነው። ከክንድ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ይቀዳል፤ ሳይረጋ በሴንትሪፊውጅ ማሽን ለ10 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ቀዩ ሕዋስ ከታች፣ ፈሳሹ ከላይ ሲቀር መካከል ላይ ፕላትሌት ያጨቀ ቢጫ እርጎ መሰል ነገር ይወጣል። እሱ ነው የጥበብ ጥርስ በተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው። ፕላትሌቶቹ ዕድገት አነቃቂ ንጥረ ነገሮችን ስለሚለቁ ቁስሉ ቶሎ ይድናል ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሸፈናል። ጥርሱ እንደተነቀለ ጉድጓዱን የሚሞላው ደምም እነዚያኑ ፕላትሌቶች፣ እነዚያኑ አነቃቂዎች የያዘ ነው። ማሽኑ ያከማቻቸዋል እንጂ አይፈጥራቸውም። ማከማቸቱ ምን ይጨምራል? አንዳንድ ጥናቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመምን እንደሚቀንስ፣ ድራይ ሶኬት የሚባለውን፣ የረጋው ደም ጠፍቶ አጥንት የሚገለጥበትን ችግርም እንደሚያሳንስ አሳይተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ጥቂት ሕሙማን ላይ፣ በተለያየ አሠራር የተካሄዱ ናቸው። አጥንት ቶሎ ይሞላል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። አጥንት ውስጥ ተቀብሮ በብዙ መከራ ለሚወጣ ጥርስ ቢሞከር አልቃወምም። የምቃወመው ተራ ነቀላን ሁሉ «ያለዚህ አይድንም» የሚያስመስለውን ወሬ ነው።

ነገሩን በአዊ ዞን ካለችው ከጫግኒ እንየው። የጥርስ ሕመም የጠናበት ሰው በእንጅባራ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ቢሄድ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጥርሱን አስነቅሎ፣ ጥጥ ነክሶ በአውቶቡስ ይመለሳል። ማታ ጎረቤት፣ «ልጄ፣ በአረቄ ተጉመጥመጥ፣ ቁስሉን ያደርቅልሃል» ትላለች። ይጉመጠመጣል፤ ደጋግሞ ይተፋል፤ ሲጋራም ያጨሳል። የረጋው ደም ተነቅሎ ይሄዳል፣ አጥንቱ ይገለጣል። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ እስከ ጆሮ ይዘልቃል፣ አፉ ይሸታል። «ሥሩን ትቶብኝ ነው» ብሎ ሐኪሙን ይረግማል። ሥሩ አልቀረም፤ የጎደለው የረጋው ደም ነው። ድራይ ሶኬት ማለት ይኸው ነው፤ የተቀበረ የታችኛው መንጋጋ የጥበብ ጥርስ ሲነቀል ደግሞ ከተራው ጥርስ ይልቅ በብዙ እጥፍ ያጋጥማል።

ለዚህ ሰው ሴንትሪፊውጅ ከመፈለጋችን በፊት «ዛሬ አትጉመጥመጥ፣ አትትፋ፣ አታጭስ፤ ከነገ ጀምሮ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብለህ እጠብ» የሚለው ሰው ይጠቅመዋል። ክሎረሄክሲዲን የተባለ ፀረ ተሕዋስ የአፍ ማጠቢያም አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ከነቀላ በፊትና በኋላ በእሱ መጉመጥመጥ ወይም ጄሉን ጉድጓዱ ውስጥ ማድረግ ድራይ ሶኬትን ሳይቀንስ እንደማይቀር ደምድሟል። ጠርሙሱ ግን እንደ ማሽኑ ለማስታወቂያ አያምርም።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ደግሞ የፒአርኤፍ መነሻ ቅለት መሆኑ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሐኪሙ ሹክሩንና ባልደረቦቹ ሲያስተዋውቁት ከቀድሞው ፒአርፒ የለየው ምንም ኬሚካል አለመጨመሩ፣ ባዶ ቱቦና አንድ ማሽን መፈለጉ ነበር። በርካሽነቱ የሚመሰገን ነገር እንደ ቅንጦት መሸጡ የነጋዴው ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄም ይዘለላል፦ ጥርሱ መነቀል ነበረበት ወይ? የብሪታንያው የጤና መመሪያ ተቋም ናይስ በ2000 እ.ኤ.አ. ችግር የሌለበት የጥበብ ጥርስ በልማድ እንዳይነቀል መመሪያ አውጥቷል። ያልተነቀለ ጥርስ ደግሞ ማነቃቂያ አያሻውም።

ስለዚህ ፒአርኤፍ አለኝ የሚል ክሊኒክ መጀመሪያ መዝገቡን ያሳየን፤ ካለፈው ዓመት ተነቃዮቹ ስንቱ በሦስተኛው ቀን እያቃሰተ ተመለሰ? ከነዚያስ ለስንቱ ከመሄዱ በፊት ምን ማድረግ እንደሌለበት በሚሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በአዊኛ፣ ተነግሮት ነበር?