ከጡት ካንሰር በኋላ ስላለው ትዳር ማንን እንጠይቅ?



በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ነው። ቶሎ ስለ መመርመር በየዓመቱ ጥቅምት ሲደርስ እንሰማለን። ሕክምናዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ስለተመለሰች ሴት ግን የሚናገር የለም። ጡቷ በቀዶ ሕክምና የተወገደ፣ ከባሏ ጋር መተኛት የሚያስጨንቃት እህት ለማን ትንገር? ሐኪሙ የኡስታዙ ጉዳይ ይመስለዋል፤ ኡስታዙ ደግሞ የሐኪሙ።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም አንዲት ጎረቤታችን «አንቺ እንግሊዝኛ ታነቢያለሽ፣ እስቲ ፈልጊልኝ» አለችኝ (ይህን የምጽፈው በፈቃዷ ነው)። ስለ ኮንክሪት ብትጠይቀኝ በቀለለኝ! በአማርኛ ያገኘሁት ሁሉ ጡትን በእጅ ዳስሶ ስለ መመርመር ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሞልቷል።

ካነበብኩት ዋናው ይኸው። ኬሞቴራፒ የወር አበባን ያለ ጊዜው ሊያቋርጥ፣ ብልትን ሊያደርቅና ግንኙነትን ሊያሳምም ይችላል። ይህ የመድኃኒቱ ውጤት እንጂ ሚስት ባሏን የመጥላቷ ምልክት አይደለም። ከፋርማሲ የሚገኝ፣ ከውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይረዳል። ሆርሞን ያለው ቅባት ግን የካንሰር ሐኪሟ ሳይፈቅድ አይነካም፤ አብዛኛው የጡት ካንሰር ኢስትሮጅን የሚያሳድገው ነውና። የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረውም በዚሁ ምክንያት አይመከሩም፤ ኮንዶም ወይም ሆርሞን የሌለው ሉፕ ይሻላል። ታሞክሲፌን የሚወሰደው ከ5 እስከ 10 ዓመት ነው፤ እየወሰዱ ማርገዝ ለፅንሱ አደጋ አለው። ወንድሞች ደግሞ ይህን ያዙልን፦ ካንሰር በግንኙነት አይተላለፍም።

«ሐያእ የት ሄደ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ኡሙ ሱለይም (ረዲየላሁ ዐንሃ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጥታ፣ አላህ ከሐቅ እንደማያፍር ተናግራ፣ ሴት በህልሟ ካየች ጉስል ይኖርባት እንደሆነ በግልጽ ጠየቀች። መልስም አገኘች። ሐዲሡን መድረሳ ቀርተነዋል። ለጥያቄዋ መልስ ያጣች እህት ምጣዷን ጥዳ፣ ልጆቿን አስተኝታ፣ ሌሊቱን ብቻዋን ታለቅሳለች፤ ባሏም እንደተጠላ አስቦ ፊቱን ያዞራል። ዝም ማለታችን ሐያእ ነው ብዬ መቀበል አልችልም።

ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ዛሬም ከየክልሉ ሕመምተኛ ይጎርፍበታል። እንዲህ ባለ ወረፋ መሃል ሐኪም ስለ መኝታ ቤት እስኪያነሳ መጠበቅ አይሆንም። ስለዚህ የእህቶች ዘርፋችን ሁለት ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጅ፤ የጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችን ይጻፉት፣ የካንሰር ሐኪም ይረመው፣ የጉስሉንና የትዳሩን ሐቅ ፊቅህ የተማረች ኡስታዛ ትጨምርበት። ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ የሚሰጠውን ማቲዎስ ወንዱ የካንሰር ሶሳይቲንም እናማክር። ብዙ እናቶቻችን ስለማያነቡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በስልጢኛ በድምፅ ይቀዳ። እንግሊዝኛውን ሰብስቤ አስቀምጫለሁ፤ ስልጢኛ የምትችል እህት ካለች ከጁሙዓ በኋላ ትፈልገኝ።