«ገባችሁ?» «አዎ!»

በክፍሎቻችን ውስጥ እንደ «ገባችሁ?» የሚደጋገም ጥያቄ የለም። መልሱም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ስልሳው ተማሪ በአንድ አፍ «አዎ!» ይላል፣ ያልገባውም አብሮ ይላል። መምህሩ ሰሌዳውን ያጠፋል፣ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ይሻገራል፣ ፖርሽኑም ይሸፈናል። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ ደወል ይደወላል።

ተማሪን ማመራመር ይገባል ሲባል ትምህርት ቢሮዎቻችን የተዘጋጀ መልስ አላቸው፦ «ተማሪ ተኮር»። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ ይህ ቃል ያልገባበት ዕቅድ የለም። በተግባር ግን ዴስኩ ፊት ለፊት ይዞራል፣ ልጆቹ አንድ ለአምስት ይደራጃሉ፣ ሱፐርቫይዘሩም ቅጹ ላይ «የቡድን ውይይት» ከሚለው አጠገብ ምልክት ያደርጋል። በየቡድኑ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ያስጽፋሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፕላዝማ መጣ፤ በቴሌቪዥኑ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። ዘዴው በተቀያየረ ቁጥር ጥያቄው ያው «ገባችሁ?» ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 የትምህርት ዘመን እስከ 2017 ድረስ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በየዓመቱ 3.3፣ 3.2፣ 5.4 እና 8.4 በመቶ ነበሩ። ፈተናው ምርጫ ስለሆነ የማመራመር ሚዛን ነው አልልም። ነገር ግን ኩረጃው ሲቀር ባዶ እጁን የቀረው ልጅ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት «አዎ» ሲል የኖረው ያው ልጅ ነው።

እስኪ ለምሳሌ ወሎ ውስጥ ወዳለችው ሐይቅ ከተማ እንሂድ። እዚያ ያለ ተማሪ «ባሕረ ገብ መሬት ማለት በሦስት በኩል በውኃ የተከበበ መሬት ነው» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለው በዚሁ ዓይነት መሬት ላይ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ውኃው ሲሸሽ ከየብሱ ጋር ተገናኘ። ታዲያ ውኃው ለምን ሸሸ? ዝናብ አንሶ? ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ውኃ ለመስኖ እየተጠለፈ? ደለል ሞልቶ? የትኛው ግምት ከየትኛው ዘመን ጋር ይገጥማል፣ በምንስ እናረጋግጣለን? ሌላም አለ፦ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ እንዲህ ከሆነ ስለምን እንደ አፍዴራ ጨው አልሆነም? ውኃው ከምድር በታች የሚሾልክበት ይኖር ይሆን? ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። አምባሰል ውስጥ የተፈረመው የውጫሌ ውልም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 እና አንቀጽ 17 ተብሎ ይሸመደዳል እንጂ፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ጽሑፎች ጎን ለጎን ተቀምጠው «ልዩነቱ ማንን ጠቀመ?» ተብሎ አይመረመርም።

«ሽምደዳው ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው ነው» የሚለው ማመካኛም ግማሽ እውነት ነው። ንባብ ቤትና ዜማ ቤት ቃል ያስይዛሉ፤ ቅኔ ቤት ግን የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣን ተማሪ አይቀበልም። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ይዞ ይመጣል። ነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) የሚማር የወሎ ደረሳም የቃሉ መጨረሻ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከሸኹ ፊት ማስረዳት አለበት። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ባስተማሩበት አገር፣ ጉድለታችንን በአባቶች ማላከክ አያምርብንም። ከነባሩ ትምህርት ቃል ማስያዙን ወስደን ማስፈጠሩንና ማራቀቁን የጣልነው እኛው ነን።

ክፍሉ ጠባብ፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ፖርሽኑ ረጅም መሆኑ እውነት ነው። «እንዴት አወቅሽ?» ብሎ መጠየቅ ግን በጀት አይጠይቅም። ከጠየቁ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ መጠበቅም፣ የተሳሳተውን መልስ ሰሌዳ ላይ ጽፎ «እስኪ የቱ ጋ ሳተ?» ማለትም፣ ከፈተናው ማርክ የተወሰነውን ለምክንያቱ መስጠትም እንዲሁ። መምህሩን የሚይዘው የገንዘብ እጦት ብቻ ሳይሆን ፍርሃትም ነው፦ ልጅ ከጠየቀ «አላውቅም» ማለት ሊመጣ ነው፣ «አላውቅም» ያለ መምህር ደግሞ ይናቃል ይባላል። ይህን ፍርሃት ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ያባብሰዋል፤ ለተሞላ ዕቅድ ነጥብ ይሰጣል፣ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ላለ መምህር ግን ቅጹ ላይ ቦታ የለውም።

ስለዚህ ቅጹ ይቀየር። ሱፐርቫይዘሩ የዴስኩን አቀማመጥ ትቶ የተማሪዎችን ጥያቄ ይቁጠር። በአንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አንድም ልጅ ካልጠየቀ፣ ዕቅዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ትምህርት አልተሰጠም ብሎ ይፈርም።