«ተረክቤያለሁ» ብለው ከመፈረምዎ በፊት

በእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ እጁን ወደ ጆንያው ሳይሰድ፣ ፍሬውን በመዳፉ ሳያሽና ከታች ያለው ከላይ ካለው ጋር መመሳሰሉን ሳያይ ገንዘብ አይቆጥርም፡፡ የቁም ከብት ነጋዴውም የበሬውን ጥርስ ሳይመለከት ዋጋ አይጠራም፡፡ ይኸው ጥንቁቅ ሰው ግን ሚሊዮኖች ከፍሎ አዲስ ፒክአፕ ሊረከብ ወደ ሻጩ ግቢ በሄደ ዕለት ባሕርዩ ይለወጣል፡፡ ቁልፉን ይቀበላል፤ የቀረበለትን ወረቀት ሳያነብ ይፈርማል፤ ከመኪናው ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ይወጣል፡፡ ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፡፡

ለምን አላየኸውም ሲባል መልሱ አንድ ነው፡፡ «አዲስ ነው፣ ምኑ ይታያል?» ይላል፡፡ ይህ ጸሐፊ በዚህ አይስማማም፡፡ አዲስ ማለት ሌላ ሰው በስሙ አላስመዘገበውም ማለት እንጂ ማንም አልነካውም ማለት አይደለም፡፡ ታይላንድ ወይም ደቡብ አፍሪካ ከሚገኝ ፋብሪካ የወጣ ፒክአፕ ወደብ ላይ ቆሞ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ወርዶ፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በጫኝ መኪና ተጭኖ ወይም በሾፌር ተነድቶ፣ በጉምሩክ ግቢ ከርሞ ነው አዲስ አበባ የሚደርሰው፡፡ በዚህ ጉዞ ላይ ስንት እጅ እንደነካው ገዢው አያውቅም፡፡ ሻጩ ግን ያውቃል፤ ቢያንስ ማወቅ ይችላል፡፡

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ይህን ሁኔታ በስም ያውቀዋል፡፡ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሳያውቅ ሲቀር ገበያው እንዴት እንደሚበላሽ አሳየ፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ፡፡ አሜሪካኖች ብልሽት የማይለየውን መኪና «ሎሚ» ይሉታል፡፡ ልብ መባል ያለበት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 የኮነቲከት ክፍለ ግዛት ቀዳሚ ሆኖ ያወጣው «የሎሚ ሕግ» የታሰበው በዋናነት ለአዲስ መኪና ገዢ መሆኑ ነው፡፡ የመኪና ገበያ እንደ ቤተሰብ ጉዳይ በሚቆጠርበት አገር እንኳ «አዲስ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና ሆኖ አልተገኘም፡፡

እኛ ዘንድስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ በዕድሜያቸው መጠን ከባድ ታክስ ስለጣለ ብዙ ገዢ ፊቱን ወደ አዲስ አዙሯል፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፡፡ መለዋወጫ ዕቃም አብሮ ሄደ፡፡ ስለዚህ በርክክብ ዕለት ሳይታይ የታለፈ የተሰነጠቀ መብራት ወይም የተጣመመ ጎማ ማቀፊያ ዛሬ እንደ ድሮው በትንሽ ገንዘብ የሚሸፈን ጉዳይ አይደለም፡፡

ወደ ፊርማው እንመለስ፤ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል፡፡ ይህ ለገዢ ያደላ ይመስላል፡፡ ነገር ግን እዚያው አለፍ ብሎ ገዢውንም ይይዘዋል፡፡ ዕቃውን ባገኘው የመጀመሪያ አጋጣሚ መመርመር፣ ጉድለት ካየም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅና የጉድለቱን ዓይነት መግለጽ አለበት፡፡ በተራ ምርመራ ሊታይ ይችል የነበረውን ጉድለት ዝም ብሎ ያለፈ ሰው በኋላ ቢጮህ የሚሰማው የለም፡፡ እንግዲህ «መኪናውን በሙሉ ጤንነትና በተሟላ ዕቃ ተረክቤያለሁ» የሚል ቅጽ ላይ የፈረመ ገዢ፣ ከሳምንት በኋላ በሩ ላይ ያለውን ጭረት ይዞ ሲመለስ ምን እንደሚባል መገመት አያዳግትም፡፡

አንድ የማውቀው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ይህንኑ ቀምሷል፡፡ ደብል ጋቢና ፒክአፑን በተረከበ በሦስተኛው ሳምንት ካሶኒው ጎን ላይ ያለው ቀለም በፀሐይ ሲታይ ከበሩ ቀለም ተለይቶ ታየው፡፡ ቀለም ቀቢ ጠርቶ ሲያስመረምር ላሜራው ተመቶ፣ ስቱኮ ተለጥፎ፣ ተቀብቶ ነበር፡፡ ሻጩ የሰጠው መልስ አጭር ነው፤ የተፈረመውን ቅጽ አወጣለት፡፡ ጉዳቱ በመርከብ ላይ ይድረስ፣ በመንገድ ላይ፣ ወይስ ነጋዴው ራሱ ያድርሰው፣ ከዚያ በኋላ ማን ያረጋግጣል? መኪናውን ለመሸጥ ባሰበ ጊዜ ግን ደላላው ያንን ስቱኮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በጣቱ አንኳኩቶ አገኘው፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ጣለው፡፡ ደላላ የሚያየውን ገዢ በርክክብ ዕለት የማያይበት ምክንያት ለዚህ ጸሐፊ አይገባውም፡፡

ታዲያ ምን ይታይ? ከሁሉ በፊት ሰዓቱ ይታሰብበት፡፡ ርክክብ በጠዋት፣ በደረቅ ቀን፣ መኪናው ታጥቦ ግን ገና እርጥብ ሳይሆን መደረግ አለበት፡፡ ውኃና ምሽት የቀለምን ጉድ ይሸፍናሉ፡፡ የሚያምኑትን መካኒክ የቀን አበል ከፍለው ይዘው ይሂዱ፡፡ ሻጩ «የእኛ ባለሙያዎች አይተውታል» ካለ መልካም፤ ከርክክብ በፊት ያደረጉትን የምርመራ ቅጽ ስምና ፊርማ ካለበት ጋር ይጠይቁ፡፡ በደንብ የሚሠራ ሻጭ ይህን ቅጽ ያለ ጥያቄ ያሳያል፡፡

ቀጥሎ ወረቀትና ብረት ይመሳከሩ፡፡ በዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኀዝ ነው፤ አንድ በአንድ ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር ይነበብ፤ የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ፡፡ አንድ የተዛባ አኀዝ ሊብሬ ሲወጣ ወይም ባንክ መያዣ ሲመዘግብ የወር ምልልስ ነው፡፡ ቁጥሩ ሌላም ነገር ይናገራል፡፡ ለምሳሌ የቶዮታ ሃይሉክስ ሻንሲ ቁጥር «ኤም አር ዜሮ» ብሎ ከጀመረ ታይላንድ፣ «ኤ ኤች ቲ» ብሎ ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው፡፡ ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው የሥሪት አገር ሌላ ከሆነ ጥያቄ ይነሳል፡፡ ሞተሩም እንደዚሁ ነው፡፡ ለባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ከፍለው ባለ 2.4 የመጣላቸው ሰው ከውጭ ሲያዩት ልዩነቱን ላያውቁት ይችላሉ፤ ጭነት ጭነው ዳገት ሲወጡ ግን ያውቁታል፡፡ በተለይ ከዱባይ በኩል በግለሰብ አስመጪ የሚገባው ዕቃ የአየር ከረጢቱም፣ የኤቢኤስ ፍሬኑም፣ የዲፈረንሻል መቆለፊያውም ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚለያይ ፕሮፎርማውን በእጅ ይዞ መስመር በመስመር ማየት ግድ ነው፡፡

የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጉዞውን ይነግርዎታል፡፡ ሠላሳና ሃምሳ ኪሎ ሜትር ከሆነ በጫኝ የመጣ ነው፡፡ ወደ 1,000 የሚጠጋ ከሆነ ከጅቡቲ እየተነዳ መጥቷል ማለት ነው፡፡ ይህ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሞተር በተመጠነ ፍጥነት ቢነዳ አይጎዳም፡፡ ነገር ግን የአፋርን ሙቀትና ጠጠር አልፎ የመጣ መኪና የፊት መስታወቱ፣ መብራቱና የራዲያተሩ ፊት ሊታይ፣ የሞተር ዘይቱም ሊለካ ይገባል፤ ገዢውም አስቀድሞ ሊነገረው ይገባ ነበር፡፡

ጎማ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያነበው አራት አኀዝ አለ፡፡ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ፡፡ 3524 ቢል እ.ኤ.አ. በ2024 በ35ኛው ሳምንት፣ በእኛ ነሐሴ 2016 ዓ.ም. የተሠራ ነው፡፡ (በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ፤ በዚህ ተሳስቶ «ጎማው ገና ወደፊት ነው የሚሠራው» ያለ ሰው አለ፡፡) አምስቱም ጎማ ይነበብ፡፡ ቀኖቹ እርስ በርስ በጣም ከተራራቁ አንዱ ተቀይሯል፡፡ ሁሉም ካረጁ መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆሞ ነበር፤ እንዲህ ያለው መኪና ባትሪውም አይታመንም፡፡ ሞተሩ ጠፍቶ ያደረ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ይቀየርልኝ ማለት መብት ነው፡፡ የጎማው ንፋስም ይለካ፤ ለመርከብ ጉዞ ከልክ በላይ ተነፍቶ እዚያው የተረሳ ያጋጥማል፡፡

ፒክአፕ የሥራ መኪና ነውና ሆዱ ከፊቱ ይልቅ ሊታይ ይገባል፡፡ ካሶኒው ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች፣ የኮፈኑና የበሮቹ ማጠፊያ ቡሎኖች ራስ ላይ ያለው ቀለም ቁልፍ የነካው መሆኑ በዓይን ይታወቃል፤ የተፈታ በር ያለ ምክንያት አይፈታም፡፡ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ጋራዥ ካገኙ ይከራዩት፡፡ የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ 300 እና 400 ካነበበ እዚያ ቦታ ታሪክ አለ፡፡ ከሥር ተንበርክኮ ባሌስትራውን፣ የፍሬን ቱቦዎቹን፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ላብ መኖር አለመኖሩን፣ የባሕር ጨው በብየዳዎቹ ላይ ዝገት መጀመር አለመጀመሩን ማየት የመካኒኩ ሥራ ነው፡፡ ትርፍ ጎማውን ደግሞ በራሱ ማውረጃ አስወርደው መልሰው ያሰቅሉት፡፡ ክሪኩና መፍቻው በቦታቸው መኖራቸው የሚታወቀው ያኔ ነው እንጂ በሌሊት አዋሽ መንገድ ላይ መሆን የለበትም፡፡

መብራት፣ ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ መስታወት፣ ስፖኪዮ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁለቱም ቁልፎች፤ ይህን ማንም ያየዋል፡፡ ባለ አራት ጎማ ነጂ ከሆነ ግን ማርሹን በአስፋልት ላይ ሳይሆን በጠጠር ወይም በአፈር ላይ አስገብተው ይሞክሩት፤ ከባዱንም ማርሽ መኪናውን አቁመው ያስገቡ፡፡ ለዚህ የከፈሉት ተጨማሪ ገንዘብ ትንሽ አይደለም፡፡

ሻጮች ሁለት መከራከሪያ አላቸው፡፡ አንደኛው ግቢያችን ጠባብ ነው፣ ተራ ጠባቂ ብዙ ነው የሚል ነው፡፡ ሁለተኛው «ዋስትና አለው፣ ችግር ካለ ይመለሳል» የሚል ነው፡፡ የመጀመሪያው ሁለት ሰዓት ለመከልከል በቂ ምክንያት አይደለም፡፡ የሁለተኛው ግን መልስ ይገባዋል፡፡ ዋስትና የሚሸፍነው የፋብሪካን ጉድለት ነው፤ ጭረትን፣ የጎደለ ክሪክን፣ ከፕሮፎርማው የተለየ ሞተርን አይደለም፡፡ የሚሸፍነውም ቢሆን መኪናው ጋራዥ ቆሞ ነው፡፡ አንድ ነጋዴ 4 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቢገዛ የአንድ ቀን ወለዱ ብቻ ወደ 1,970 ብር ይጠጋል፤ መለዋወጫ እስኪመጣ አንድ ወር ቢቆም 59,000 ብር ገደማ ነው፡፡ የቀረው ገቢ፣ የሾፌሩ ደመወዝና ለኪራይ መኪና የወጣው ገና አልታሰበም፡፡

ባንኮችም ዳር ቆመው ማየታቸው ያስገርማል፡፡ ለመኪና ብድር ሲሰጡ ሊብሬውን ይይዛሉ፣ ኢንሹራንስ ያስገባሉ፤ መያዣ የሚሆነው ብረት በምን ሁኔታ ከሻጩ ግቢ እንደወጣ ግን አይጠይቁም፡፡ የመጨረሻውን ክፍያ ለሻጩ ከመልቀቃቸው በፊት ገዢውና አንድ ገለልተኛ መካኒክ የፈረሙበት የርክክብ ዝርዝር ቢጠይቁ ወጪው ከአንድ ቀን ወለድ ብዙም አይበልጥም፡፡ ሙሉ ክፍያ አስቀድሞ የከፈለ ገዢ የመደራደሪያ ኃይሉ አልቋል፤ ባንኩ በእጁ ያለው ግን አላለቀም፡፡

ባንክ ይህን እስኪያደርግ ገዢው በራሱ የሚያደርገው አለ፡፡ የርክክብ ቅጹ ላይ ከፊርማው በላይ ባዶ ቦታ ይኖራል፡፡ ያዩትን ጉድለት ሁሉ እዚያ ላይ በእጅዎ ይጻፉ፤ «በግራ በር ላይ 4 ሳንቲ ሜትር ጭረት፣ ክሪክ የለም፣ የኪሎ ሜትር ንባብ 960» ብለው፣ ቀኑንና መቼ እንደሚስተካከል ጨምረው፡፡ የሻጩ ሠራተኛም ይፈርምበት፡፡ «ቅጹ ላይ መጻፍ አይቻልም» ከተባሉ በሌላ ወረቀት ደብዳቤ ጽፈው፣ በመዝገብ ቤት ቁጥር አስይዘው ቅጂውን ይውሰዱ፡፡ ጉድለቱ ሞተርን ወይም ሻንሲን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን አይቀበሉ፤ መኪናው እዚያው ግቢ ይደር፡፡ የዋስትናው ጊዜ የሚቆጠረው ከየትኛው ቀን እንደሆነ በደብተሩ ላይ ተጽፎ ማየትም አይዘንጋ፤ መኪናው አገር ከገባበት ቀን የሚቆጥር ካለ፣ በጉምሩክ ግቢ የከረመበት ጊዜ ከእርስዎ ዋስትና ላይ ተቀንሷል ማለት ነው፡፡