እምቢ ባዩ ጀግና

«ጀግናዬ አልንቀሳቀስ አለኝ» አለኝ ወዳጄ፣ ፉሪ አስፋልቱ ዳር ካለችው ቡና ቤት ገና ከመቀመጣችን።

«አሞት ይሆን?»

«ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ልቦለዴ ቆሟል። ሰውዬው እዚሁ ፉሪ ተወልዶ ያደገ የገበሬ ልጅ ነው። ያባቱ የጤፍ ማሳ ፎቅ በቅሎበታል። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ‹ቀለም ቆጥረሃል፣ አንደበትም አለህ፤ ወረዳ ገብተህ ተናገርልን› ይሉታል። እሱ እምቢ ይላል።»

«ለምን?»

«ይፈራላ!»

«ምኑን?»

ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «አምስት ገጽ ሙሉ መስኮት ላይ ቆሞ ሲያስብ ጽፌያለሁ። የውስጥ ትግሉን እያሳየሁ እኮ ነው!»

«አንባቢህ መጋረጃውን ዘግቶበት ይሄዳል። በዛብህን አስታውሰው እስቲ።»

«የቱን በዛብህ?»

«የሐዲስ ዓለማየሁን ነዋ! ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ከታተመ ጀምሮ፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው፣ ‹ይኼ ልጅ ምን ይጠብቃል?› ያላለ ማን አለ? የሚወዳትን የሰብለን አባት፣ ፊታውራሪ መሸሻን ቢፈራ አይፈረድበትም። የፈራው እሳቸውን ብቻ ቢሆን ግን ያ ሁሉ ገጽ ምን ይሠራል? ወላጆቹ በልጅነቱ ተስለውበታል፤ ሳያገባ፣ እግዚአብሔርን እያገለገለ እንዲኖር። እሱ ሳይጠየቅ ቃል ተገባበት። ሰብለን ካገባ የእናት አባቱን ስእለት አፈረሰ፤ ስእለቱን ከጠበቀ እሷን ከዳ። ደፋር ቢሆንስ ከዚህ በምን ይወጣል?»

«አገር አቋርጣ የፈለገችው ግን ሰብለ ናት። በመነኩሴ ልብስ!»

«ደራሲው ለእሷማ ድፍረቱን ሰጣት፤ ማመንታቱን ለወንዱ ተወለት። ሐዲስ ራሱ ጣሊያንን ተዋግቶ፣ ተማርኮ ባሕር ማዶ የታሰረ ሰው ነው። ጀግንነት ምን እንደሆነ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ዋና ገጸ ባሕርይው ግን ተኳሽ ሳይሆን የቅኔ ሰው ነው። እኔ ይኼ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።»

«የ‹ኦሮማይ›ስ ፀጋዬ ኃይለማርያም?»

«እሱ ደግሞ እምቢ እንኳ አይልም። እሺ ብሎ አስመራ ይሄዳል፣ የደርግን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወሬ ያሰራጫል፤ ጥርጣሬው እዚያው ሥራው መሀል ነው የሚበላው። ደራሲው በዓሉ ግርማም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሰው ሆኖ ዘመቻውን በቅርብ ያየ ነበር። በ1975 መጽሐፉ ወጣ፣ ታገደ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ፤ በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ወደ ሰውዬህ እንመለስ። ካሣ ተከፍሎታል?»

«ተከፍሎታል። አባትየው ታመው ስለነበር የፈረመው እሱ ነው።»

«ገንዘቡስ?»

«ሚኒባስ ገዛበት። ከፉሪ ጀሞ ይጭናል።»

«ይኼን የት ጻፍከው?»

«መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ በአንድ መስመር።»

«አንተ ሰውዬ! በማሳው ዋጋ በተገዛ መኪና፣ ማሳቸው የሄደባቸውን ሽማግሌዎች ጭኖ ይውላል። ከኋላ ሆነው ‹ተናገርልን› ይሉታል። አንተ ይኼን በአንድ መስመር አልፈህ መስኮት ላይ ታቆመዋለህ?»

«ምን ላድርገው ታዲያ?»

«ሽማግሌዎቹን ሒሳብ አያስከፍላቸው። ረዳቱ ይነጫነጭ፣ ‹በነፃ እየጫንን ነዳጁን ማን ሊሞላልን ነው?› ይበል። እሱ ምክንያቱን አይናገር። ‹ፈሪ ነው› ብለህም አትጻፍ፣ ‹ተጨነቀ› ብለህም አትጻፍ።»

ወዳጄ ለጥቂት ጊዜ ወደ ታክሲ ተራው አየ። ምክሬን የናቀው መስሎኝ ነበር።

«አንደኛው ሽማግሌ ግን እምቢ ይላሉ» አለ በመጨረሻ። «ሲወርዱ ብሩን ደረት ኪሱ ይከቱለታል። ‹ተቀበል ልጄ፣ እኔም ፈርሜያለሁ› ይሉታል።»

ይኼ በኔ ሐሳብ አልመጣም ነበር። «ከዚያስ? ይናገራል ወይስ ዝም ይላል?»

«አላውቅም። ገና አልጻፍኩትም።»