አሮጌ ትራክተር ሳይመረመር «ፖምፓው ሞቷል» አይባል

በአሮጌ ትራክተር ገበያ ሻጭን የሚያከስር፣ ገዢን የሚያስደነግጥ አንድ አጭር ፍርድ አለ፤ «ፖምፓው ሞቷል» የሚለው። ማረሻው መሬት ሲነክስ የሚደክም ትራክተር ሁሉ በዚህ ፍርድ ዋጋው ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግን የድካሙ ምክንያት የቆሸሸ ፊልትሮ፣ የተደፈነ የነዳጅ መያዣ ክዳን ወይም አየር የሚስብ ቱቦ ሆኖ ይገኛል። በአንፃሩ ፖምፓው በእርግጥ ያለቀ ትራክተር ቀለም ተቀብቶና ጎማ ተቀይሮለት በደህና ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። የሁለቱም ስህተት ምንጭ አንድ ነው። ገበያው ድካሙ ከየት እንደመጣ በቅደም ተከተል ሳያጣራ ዋጋ ይቆርጣል። «ሳያጣሩ ወሬ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለው ተረት ለዚህ ገበያ የተነገረ ይመስላል።

ጉዳዩ ለጥቂት ባለ ትራክተሮች ብቻ የሚተው አይደለም። ትራክተር በአርሲ ምድር የቆየ ታሪክ አለው። በስዊድን እርዳታ በ1967 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) አካባቢውን ከዘመናዊ እርሻ ጋር በሰፊው አስተዋውቋል። በደርግ ዘመን ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የናዝሬት ትራክተር መገጣጠሚያ ቤላሩስ ትራክተሮችን ይገጣጥም ነበር። እንደ ቤላሩስና እንደ ማሴይ ፈርጉሰን 135 እና 165 ያሉ የቆዩ ንድፎች ከኮምፒውተር ነፃ ስለሆኑ በመፍቻና በአስተዋይ ዓይን ይጠገናሉ። አሮጌ ትራክተር አሁንም ገዢ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ትራክተሩን አከራይቶ የሚኖር ባለንብረት የሚከፈለው በሄክታር ነው። በእርሻ ወቅት ትራክተሩ ለአንድ ሳምንት ቢቆም ገቢው ይቀራል፤ ዝናቡ ግን ጥገናው እስኪያልቅ አይጠብቅም። የመዝሪያው ጊዜ ያለፈበት ገበሬም ኪሳራውን ይጋራል።

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ባቀረበው ጥናት፣ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ በማያውቅበት ገበያ ደህናው ዕቃ በመጥፎው ዋጋ እየተለካ ከገበያ እንደሚወጣ አሳይቷል። በ2001 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራውም በዚሁ ዘርፍ ሥራው ነው። ለአሮጌ ትራክተር ገበያ የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ገዢው መለየት እስካልቻለ ድረስ ትራክተሩን በደንብ የያዘ ባለንብረት ለጥንቃቄው ዋጋ አያገኝም። ሰነፉ ባለንብረት ደግሞ ለስንፍናው አይቀጣም።

መለየቱ ግን የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም። የመጀመሪያው ጥያቄ የደከመው ሞተሩ ነው ወይስ ሌላ የሚል መሆን አለበት። ማረሻ እየጎተተ የሞተሩ ዙር ሳይወርድ ጎማው የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ ከነዳጅ ጋር አይገናኝም፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ዙሩ አብሮ የሚወርድ ከሆነ ወደ ሞተሩ መሄድ ተገቢ ነው። እዚያም ቢሆን የጋዝ መስጫው ዘንግ ፖምፓው ላይ እስከ መጨረሻው መድረሱን ማየት ይቀድማል። ዘንጉ በማርጀቱ ብቻ ግማሽ ጋዝ የሚያገኝ ሞተር ጉልበት ሊሰጥ አይችልም።

ቀጥሎ ያለው መመሪያ ከርካሹ ወደ ውዱ መሄድ ነው። ትራክተሩ ደህና ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ የሚደክም፣ አርፎ ሲነሳ ደግሞ የሚበረታ ከሆነ ነዳጅ እየራበው ነው። የነዳጅ መያዣው ክዳን አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ሲደፈን ናፍታው በነፃነት አይወርድም፤ ክዳኑን ላላ አድርጎ መሞከር ምንም ወጪ የለውም። ክዳኑ ደህና ከሆነ በመያዣው ግርጌ ያለው ማጥለያ፣ የዝቃጭ ብርጭቆው፣ ፊልትሮውና ናፍታ የምትስበው ትንሿ ፓምፕ በተራ ይታያሉ። የመሳቢያዋ ሽፋን ከተቀደደ ወይም በመስመሩ ላይ የላላ ማሰሪያ ካለ አየር ይገባል። ሞተሩም ይንተባተባል፤ አንዳንዴም ይጠፋል። መስመሩን ማጥበቅና አየሩን ማስወጣት ከግማሽ ቀን በላይ የሚወስድ ሥራ አይደለም።

ጭሱም ይናገራል። ጥቁር ጭስ ናፍታው ካለው አየር በላይ መሆኑን ያመለክታል። በአቧራ ውስጥ የሚያርስ ትራክተር የአየር ማጽጃው በጭቃማ ዘይት ተሞልቶ ሊታነቅ ይችላል፤ ወይም ኖዝሎቹ ናፍታውን በጉም መልክ መርጨት ትተው እያንጠባጠቡ ይሆናል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍታ፣ የተዛባ የመርጫ ጊዜ፣ የወረደ ኮምፕሬሽን ወይም ውኃ ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ይናገራል፤ ይህን ደግሞ አዲስ ፖምፓ አያድነውም። የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ ለማወቅ ሞተሩ በዝግታ እየሠራ የኖዝሎቹን መስመር ማሰሪያ አንድ በአንድ ላላ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው። ማሰሪያው ሲላላ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው እጁን ከሚረጨው ናፍታ ማራቅ አለበት፤ ከኖዝል የሚወጣ ናፍታ ቆዳ በስቶ የመግባት ኃይል ስላለው አደጋው ቀላል አይደለም።

የፖምፓው ተራ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የማሴይ ፈርጉሰን 135 ባለ 3 ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር የሚሠራው በሚሽከረከር ሲኤቪ ፖምፓ ነው። የዚህ ዓይነት ፖምፓ የውስጥ አካል የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው እንጂ በተለየ ዘይት አይደለም። ስለዚህ ውኃ የገባበት ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍታ ጉልበት ከመቀነሱም በላይ ፖምፓውን ይበላዋል። ናፍታ በበርሜል ገዝቶ የሚያስቀምጥ ባለ ትራክተር በርሜሉን አስተኝቶ ወዲያው ከመቅዳት ይልቅ ማሳደር፣ ከግርጌው ያለውን ዝቃጭም መተው አለበት። ያለቀ የሚሽከረከር ፖምፓ ምልክት ደግሞ አለው። ጠዋት በቀላሉ የሚነሳ ሞተር ሞቆ ከጠፋ በኋላ እንቢ ካለና ፖምፓው ሲቀዘቅዝ ብቻ ከተነሳ፣ የሞቀው ቀጭን ናፍታ በተበላው አካል በኩል እያመለጠ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ «ፖምፓው ሞቷል» የሚለው ፍርድ ማስረጃ አገኘ።

ገዢዎች በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነፃፀር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በደጋ ጉልበቱ የሚቀንሰውና ጭሱ የሚጠቁረው በከፊል በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህ እንደ ብልሽት ሊቆጠር አይገባም። ይሁን እንጂ ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ መጠን መወሰኛ በመክፈት ትራክተሩን ለአንድ ቀን ሙከራ ጎልማሳ ማስመሰል ይቻላል። ውጤቱ የሚታየው ከሽያጩ በኋላ ነው፤ ሞተሩ ይግላል፣ ናፍታ ያባክናል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። በሙከራ ቀን ጉልበት ያሳየ፣ ነገር ግን ጥቁር ጭስ የሚተፋ ትራክተር የተሻለ ዋጋ ሊያወጣ አይገባውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? አንደኛ፣ ገዢ ትራክተሩን የሚያየው ሳይሞቅ መሆን አለበት። ቀዝቃዛ አነሳሱን አይቶ፣ ማረሻ አስገብቶ ግማሽ ሰዓት አሳርሶ፣ አጥፍቶ እንደገና ሲሞቅ ማስነሳት ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ፖምፓውና ኖዝሎቹ በመለኪያ ማሽን የተፈተሹበት ወረቀት የሽያጭ ውል አባሪ ይሁን። ወረቀት የሌለው ሻጭ ከዋጋው የተወሰነው ክፍል ለጥቂት የሥራ ቀናት በሦስተኛ ወገን እጅ እንዲቆይ ቢስማማ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ሦስተኛ፣ ደላላው የሚያገኘው ኮሚሽን ከምርመራው በኋላ የሚከፈል ቢሆን «አየሁት፣ ደህና ነው» የሚለው ቃሉ ክብደት ያገኛል።

ለመለዋወጫ ነጋዴዎችም የሚነገር አለ። በሶማሌ ተራም ሆነ በአዳማ መደርደሪያ ላይ ሙሉ ፖምፓ ማከማቸት ብዙ ገንዘብ ያስራል። ፊልትሮ፣ የኖዝል ጫፍ፣ የመሳቢያ ፓምፕ ሽፋንና የነዳጅ ቱቦ ማሰሪያ ግን በየወቅቱ የሚፈለጉ ናቸው። ወቅቱን የሚያውቅ ነጋዴ እነዚህን ከክረምቱ እርሻ በፊት በበጋው ወራት ያስገባል። ጥራቱ የወረደ ፊልትሮ ዛሬ ርካሽ ቢሆንም ነገ ፖምፓ ስለሚያስገዛ፣ ደህናውን ከርካሹ ለይቶ የሚሸጥ ሱቅ ደንበኛ አያጣም። የመለኪያ ማሽን ተክሎ በስንዴ አምራች ከተሞች ፍተሻ የሚሰጥ ባለሀብትም ገበያው የሚፈልገውን ያቀርባል። የሚሸጠው ዕቃ ባይሆንም እምነት ነው።

ተቃውሞ አይጠፋም። ፍተሻ ወጪ ነው፣ ገበያውንም ያዘገያል የሚሉ ይኖራሉ። ወጪው ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው። ሳይፈተሽ የተገዛ ትራክተር ዕዳ በየእርሻ ወቅቱ ይከፈላል። ክዳን በማላላት የሚድነውን ትራክተር በብረት ዋጋ የሸጠም፣ ያለቀውን በሙሉ ዋጋ የገዛም የከሰሩት ባለመጠየቃቸው ነው። አሮጌ ትራክተር የሚገዛ ነጋዴ ከዋጋው በፊት ሞተሩን ይጠይቅ።